በሰላም ቀን ያልተጻፈው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ

የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የዓድዋ በዓል ነበር። አገሩ ሥራ ፈትቶ ስለ ምኒልክና ስለ ጣይቱ ሲያወራ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከእረፍታቸው ተጠርተው ተሰብስበዋል። አጀንዳው አንድ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ባስታወቁ ማግስት፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥቷል። ሕገ መንግሥቱ አዋጁን ለምክር ቤቱ ለማቅረብ የሰጠው 15 ቀን ሊያበቃ ስለደረሰ፣ በዓል ነው ብሎ ማሳደር አይቻልም።

እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ። አፈ ጉባኤው አባዱላ ገመዳ ውጤቱን አነበቡ፤ 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ። አዋጁ ጸድቋል ተባለ። ወረቀትና ብዕር ይዞ የሚከታተል ሰው ግን ወዲያው ግራ ገባው። አዋጁ የሚጸድቀው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ከ547 መቀመጫ ሁለት ሦስተኛው 365 ነው። ያኔ ከተሞሉት 539 መቀመጫዎች ቢሰላ እንኳ 360 ይሆናል። በየትኛውም ስሌት 346 አይበቃም። ቆየት ብሎ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ስህተት ነው፣ ትክክለኛው 395 ነው ተባለ።

ቆጠራው በእርግጥ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ይሳሳታል። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን አጣርቶ ‘አዋጁ ጸድቋል’ ወይም ‘አልጸደቀም’ ብሎ የሚበይን ገለልተኛ አካል በአገሪቱ አልነበረም። ዜጋው ፍርድ ቤት ሄዶ ድምፁ ይቆጠርልኝ ማለት አይችልም። ቁጥሩን የተናገረው አካል ራሱ አረመው፤ ነገሩም በዚሁ ታለፈ። (ተቃዋሚ ፓርቲ አንድም ወንበር ባልያዘበት በዚያ ምክር ቤት 88 እጅ ለተቃውሞ መውጣቱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆይ።)

ከመስከረም 2009 እስከ ግንቦት 2016 ድረስ አገሪቱ ስድስት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆችን አይታለች። በ2009 ከእሬቻው እልቂት በኋላ፣ በ2010 በጠቅላይ ሚኒስትሩ መልቀቅ ማግስት፣ በ2012 በኮሮና ምክንያት፣ በ2013 በትግራይ፣ በ2014 ጦርነቱ ወደ ደቡብ ሲገፋ በመላ አገሪቱ፣ በ2015 ደግሞ በአማራ ክልል። የእነዚህን አዋጆች ዕድሜ ደምሬ ስመለከት ወደ 38 ወር ይጠጋል። በሰባት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ፣ ቢያንስ አንድ የአገሪቱ ክፍል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ኖሯል ማለት ነው። አስቸኳይ የሚለው ቃል ይህን ያህል ከተለመደ፣ ሕጉ ራሱ ምን ይላል ብሎ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

ሕጉ የሚገኘው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን የሚያውጀው በአራት ምክንያቶች ነው፤ የውጭ ወረራ፣ በተለመደው የሕግ ማስከበር ሥርዓት ሊገታ የማይችልና ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን የሚፈታተን አደጋ፣ የተፈጥሮ አደጋ እና ወረርሽኝ። ክልሎች ማወጅ የሚችሉት በመጨረሻዎቹ ሁለት ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል። ከጸደቀ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያም በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። ስንት ጊዜ? ገደብ የለውም።

እስከዚህ ድረስ ከብዙ አገሮች ሕገ መንግሥት የራቀ አይደለም። እንግዳው ነገር የሚመጣው በምንም ዓይነት አዋጅ የማይነኩት አንቀጾች ሲዘረዘሩ ነው። አራት ናቸው። አንቀጽ 1፣ የመንግሥቱ ስያሜ። አንቀጽ 18፣ ኢሰብአዊ አያያዝ የሚከለክለው። አንቀጽ 25፣ የእኩልነት መብት። የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2፣ የብሔር ብሔረሰቦች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን፣ የቋንቋና የባህል መብት። አንባቢ ሆይ፣ አንቀጽ 15ን ፈልግ። የለም። አንቀጽ 15 በሕይወት የመኖር መብት ነው። በጨለማ ቀን የአገሪቱን ስም መለወጥ ክልክል ነው፤ የዜጋው ነፍስ ግን ከማይነኩት ተርታ አልገባችም።

የሕግ ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው። አንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። አንቀጽ 13 ደግሞ የመብት ድንጋጌዎች ከእነዚህ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። አገሪቱ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በሕይወት የመኖር መብትን፣ በቀደመ ድርጊት ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ የወንጀል ሕግ አለመኖሩን፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነትን ከማይነኩት መካከል ያስቀምጣል። የአፍሪካው ቻርተር መብቶችን በአስቸኳይ ጊዜ ስለማገድ ጭራሽ አንቀጽ የለውም፤ የአፍሪካ ኮሚሽንም በቻድ ጉዳይ የእርስ በርስ ጦርነት እንኳ ለዚያ ሰበብ አይሆንም ብሏል። ክርክሩ ጥሩ ክርክር ነው። ችግሩ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት በር የሚያንኳኳው ወታደር ቃል ኪዳን አያነብም። ያ ወታደር የሚያውቀው የተሰጠውን ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙን ያወጣው ኮማንድ ፖስት የሚያውቀው የዚያን ሰሞን አዋጅና መመሪያውን ነው።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጉዳዬ እመጣለሁ። ኢትዮጵያ በሰላም ጊዜ ተረቅቆ፣ ተመክሮበት፣ ተከራክረውበት የጸደቀ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ የላትም። ያላት አንቀጽ 93 ብቻ ነው፤ አንድ አንቀጽ። የተያዘ ሰው በስንት ቀን ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ቤተሰቡ ይጠይቀው ዘንድ ይፈቀድለታል ወይ፣ የት ይታሰራል፣ ኢንተርኔት ማን ይዘጋል፣ የተወረሰ ንብረት እንዴት ይመለሳል የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚመለሱት አዋጁ በታወጀ ቁጥር፣ እንደ አዲስ፣ በጥድፊያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሕዝብ የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ የሚጽፈው ጣሪያው ከተያያዘ በኋላ ሆኗል።

በጥድፊያ የተጻፈ ሕግ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የጥቅምት 2009ን መመሪያ ያስታውስ። አዋጁ ከወጣ ከሳምንት በኋላ ነው የመጣው። ክንድን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየት ተከለከለ፤ ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሎምፒክ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ያሳየው ምልክት ነው። ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት ተከለከለ። ዲፕሎማቶች ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቁ ተባለ። በፋብሪካዎችና በእርሻ ልማቶች አካባቢ ከማታው 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ሰዓት እላፊ ተጣለ። ከዋሽንግተንና ከሚኒያፖሊስ የሚተላለፍ ጣቢያ ማን ቤቱ ከፍቶ እንደሚያይ እንዴት ይታወቃል? በጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽ በማየት። በዚያ ሰሞን የዲሽ አቅጣጫ የፖለቲካ አቋም ሆኖ ነበር።

የ2014ቱ አዋጅ ደግሞ ወደ ግቢ ገባ። የጦር መሣሪያ ያለው የአዲስ አበባ ነዋሪ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ፤ ቤት አከራዮችም ተከራዮቻቸውን እንዲያሳውቁ ግዴታ ተጣለባቸው። በአንድ ግቢ ሦስት ሰርቪስ ክፍል አከራይታ የምትኖር እናት ምን እንደሚደርስባት አስቡት። ተከራይዋ ለሦስት ዓመት ቡና አብሯት የጠጣ ልጅ ነው። መታወቂያው ላይ ያለውን የአባት ስም አይታ ቀበሌ ትሂድ ወይስ አትሂድ? ብትሄድ ልጁ ያድራል ወይስ አያድርም? ባትሄድ እርሷስ? ሕጉ የመንግሥትን ሥራ በእርሷ ትከሻ ላይ ጫነ፤ መመዘኛ ግን አልሰጣትም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያ ወቅት ብሔርን መሠረት ያደረገ የሚመስል እስር መኖሩን ሪፖርት አድርጓል። እኩልነትን የሚደነግገው አንቀጽ 25 እኮ ከማይነኩት አራቱ አንዱ ነው! ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ብቻውን እንደማያድን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። የሚጠብቀው ሰው ከሌለ የማይነካው አንቀጽ ይነካል።

ጠባቂ ተብሎ የተሾመው ማን ነው? አንቀጽ 93 ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል። አባላቱን የሚመርጠው አዋጁን ያጸደቀው ምክር ቤት ነው፤ ከራሱ አባላትና ከሕግ ባለሙያዎች። ሥራው ከባድ ነው። የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ፣ የሚወሰዱ እርምጃዎች ኢሰብአዊ አለመሆናቸውን መከታተል፣ ጥፋት ካገኘ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም ለሚኒስትሮች ምክር ቤት የእርማት ሐሳብ ማቅረብ፣ አጥፊዎች ለፍርድ እንዲቀርቡ ማድረግ። እስረኛን የመፍታት ሥልጣን ግን የለውም። በሚያዝያ 2009 ቦርዱ ከ26 ሺህ በላይ ሰዎች መያዛቸውን አስታውቋል። ሰባት ሰው ለ26 ሺህ እስረኛ! በሒሳብ ሲካፈል ለአንድ አባል ከ3,700 እስረኛ በላይ ይደርሰዋል። በቀን ሃያ ሰው ቢያነጋግር እንኳ፣ ያለ እሑድ እረፍት፣ ስድስት ወሩ አልቆ ገና ይቀረዋል።

ፍርድ ቤትስ? በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ዳኞች ሳይሆኑ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች። ‘አዋጁ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ነው’ የሚል ዜጋ የሚሄደው ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደዚያው የፖለቲካ ምክር ቤት ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም ይህ መንገድ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ታይቷል። ምክር ቤቱ አንቀጽ 54ን፣ 58ንና 93ን አንድ ላይ ተርጉሞ ሰኔ 3 ቀን ነባሩ መንግሥት እንዲቀጥል ወሰነ። ወረርሽኙ እውነተኛ ነበር፤ ምርጫው በነሐሴ መካሄድ መቻሉም ያጠራጥር ነበር። ያ ውሳኔ የፈጠረው ቅራኔ ግን ጥቅምት 25 ቀን 2013 ለተጀመረው ጦርነት ከነዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ሲሳሳ የሚከፈለው ዋጋ በእስር ቤት ውስጥ ብቻ አያበቃም።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ሌላ መንገድ መርጣለች። አዋጁ መጀመሪያ የሚቆየው 14 ቀን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ማራዘሚያ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ ቀጣዮቹ ሦስት አራተኛ። አደጋው ሲራዘም መንግሥት የሚፈለግበት ድምፅ ያድጋል፤ የእኛው ሁሌም ያው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የአዋጁን ሕጋዊነት የመመርመር ሥልጣን በግልጽ ተሰጥቶታል። የፍርድ ቤት ቁጥጥር የወረቀት ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ በሰኔ 2016 ታይቷል። ወጣቶች ፓርላማውን ጥሰው በገቡበት ቀን መንግሥት ሠራዊቱን አሰማራ፤ በማግስቱ ምክር ቤቱ አጸደቀ፤ ጉዳዩ ወዲያው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ሥምሪቱን አላገዱም። የሠራዊቱ ሥራ ምን እንደሆነ፣ የትና እስከ መቼ እንደሚቆይ በሁለት ቀን ውስጥ በይፋ ጋዜጣ ይውጣ ብለው አዘዙ። ለመንግሥት ያን ያህል የሚከብድ ነገር አልተጠየቀም። ሠራዊት ይሰማራ፤ ግን ሕዝቡ ከማን ጋር፣ በምን ሥልጣን፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይወቅ።

ቃኘው ሻለቃ የተዋጋላት ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ኅዳር 24 ቀን 2017 ሌሊት ሌላ ትምህርት ሰጥታለች። ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በቴሌቪዥን ቀርበው ወታደራዊ ሕግ አወጁ። ወታደሮች የምክር ቤቱን መስኮት ሰብረው ገቡ፤ አፈ ጉባኤው አጥር ዘለው ወደ አዳራሹ ደረሱ። ከ300 እንደራሴዎች 190 ተገኝተው፣ ሁሉም አዋጁ ይነሳ ብለው ድምፅ ሰጡ። ሕገ መንግሥቱ የአብላጫው ጥያቄ ፕሬዚዳንቱን ያስገድዳል ስለሚል፣ አዋጁ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ተነሣ። ሰውየውን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 26 በሙሉ ድምፅ ከሥልጣን አስወገዳቸው። ኮሪያውያን ግን ‘ሥርዓታችን ሠራ’ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በቀጣዩ ክረምት የወታደራዊ ሕጋቸውን አሻሽለው፣ ሠራዊትና ፖሊስ ያለ አፈ ጉባኤው ፈቃድ ወደ ምክር ቤቱ እንዳይገቡ፣ እንደራሴዎችንም እንዳያግዱ ደነገጉ። ቀዳዳውን የደፈኑት ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጣሪያው ደርቆ ሳለ ነው። በእኛ አገር በ2015 የአማራ ክልሉ አዋጅ ሲወጣ ከታሰሩት መካከል የምክር ቤቱ አባል ክርስቲያን ታደለ ይገኙበታል፤ አዋጁን ለማጽደቅ ድምፅ የሚሰጠው የዚያው ምክር ቤት አባል፣ ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የመንግሥትን እጅ የሚያስር ይመስላል። የመንግሥትንም ወገን ሳላይ ማለፍ አልፈልግም። አገሪቱን የሚያስፈራሩ ነገሮች በ1987 ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ከነበሩት ተለውጠዋል። ያኔ ወረራ ማለት ድንበር የሚያቋርጥ ታንክ ነበር። በሰኔ 2012 የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ተቋሙ ከግብፅ የተነሣ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ሲያስታውቅ፣ የሕዳሴው ግድብ መሞላት ሊጀምር ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። የኤሌክትሪክ መሥመርን ወይም የባንክ ሥርዓትን ከሩቅ የሚያሽመደምድ ጥቃት የውጭ ወረራ ነው? አንቀጽ 93 አይመልስም። ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ከውጭ የሚደገፍ የታጠቀ ቡድን፣ በአንድ ሌሊት አንድን ከተማ የሚያነሣሣ የሐሰት ቪዲዮ፣ እነዚህ ሁሉ መንግሥት ሊቋቋማቸው የሚገቡ እውነተኛ አደጋዎች ናቸው። የፌዴራል መንግሥቱ መሣሪያ የለውም ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ የሚያስቅ ነው፤ ግልጽ መሣሪያ የለውም የሚል ግን ትክክል ነው።

ግልጽ መሣሪያ ሲጠፋ ግልጽ ያልሆነው ይመጣል። እንዲያውም ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ይልቅ የሚያሰጋኝ ያልታወጀው ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ከምርጫው በኋላ በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰልፍ ከልክለው የጸጥታ ኃይሉን በቀጥታ በራሳቸው ትእዛዝ ሥር አደረጉ። አንቀጽ 93 አልተጠቀሰም፤ መርማሪ ቦርድም አልተቋቋመም። ይህ ልማድ አልቀረም። የአማራ ክልሉ አዋጅ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ታውጆ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር ተራዝሞ፣ በግንቦት መጨረሻ አበቃ። ውጊያውና የጅምላ እስሩ ግን አላበቃም፤ በመስከረም 2017 በክልሉ በሰፊው ሰዎች መታሰራቸውን የመብት ድርጅቶች አስታውቀዋል። አዋጁ ሲያበቃ የጠፋው ቦርዱ ነው። አዋጁ ሲያበቃ ሥልጣኑም አብሮት ካላበቃ፣ አዋጅ አለመታወጁ ለዜጋው የባሰ ይሆናል። ቢያንስ በአዋጁ ጊዜ ሰባት ሰዎች ነበሩለት።

የሰው አልባ አውሮፕላኖችን ጉዳይ ለብቻው ላንሣው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጭ ተናገረ። ምክር ቤቱ አዋጁን ያጸደቀው በማግስቱ፣ ነሐሴ 8 ነው። አዋጁ ሰዓት እላፊን፣ ስብሰባን፣ ብርበራን ይቆጣጠራል። ከሰማይ በአገር ውስጥ ከተማ ላይ የሚተኮስን ጥይት ማን አዘዘው፣ ከምን መረጃ ተነሥቶ፣ ስህተት ከሆነስ ማንን ይመለከታል የሚለውን ግን አይነካም። የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 የሠራዊቱን አደረጃጀት፣ ማዕረጉንና ወታደራዊ ፍርድ ቤቶቹን በዝርዝር ይዟል። ወደብ የሌላትን አገር ባሕር ኃይል ሳይቀር አስቦላታል። ሠራዊቱ በገዛ አገሩ ሲቪሎች መካከል በተሰማራ ጊዜ ስለሚገዛበት ደንብ ግን ሕዝብ የሚያነበው የረባ ነገር አናገኝም። ሕገ መንግሥቱ የሰጠን ፍንጭ ሁለት ነው፤ በአንቀጽ 51 ክልሉ ሲጠይቅ፣ በአንቀጽ 87 አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ። በመካከላቸው ደግሞ ስለ ፌዴራል ጣልቃ ገብነት የወጣው አዋጅ 359/1995 አለ። ሦስቱ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚገናኙ የሚያስረዳ መኮንን ባገኝ ምሳ እጋብዘው ነበር። በመጋቢት 2010 በሞያሌ ወታደሮች በተሳሳተ መረጃ ዘጠኝ ሲቪሎችን ገድለው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ ሲሸሹ፣ ተጠያቂነቱ በየትኛው ሕግና በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚታይ ለሟቾቹ ቤተሰብ የነገራቸው ሕግ አልነበረም።

ምን ይደረግ? ዋናውን አስቀድሜ ብናገር፣ አንድ ቋሚ የአስቸኳይ ጊዜ ማዕቀፍ ሕግ ያስፈልጋል። ይህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቅም፤ ምክር ቤቱ በተራ አብላጫ ሊያወጣው ይችላል። በውስጡ ሊገቡ የሚገባቸው ነገሮች ከላይ ያየናቸው ናቸው። የተያዘ ሰው ቢዘገይ በዚህን ያህል ቀን ዳኛ ፊት ይቀርባል። ማንም በወታደር ካምፕ ያለ መዝገብ አይታሰርም። ኢንተርኔት የሚዘጋው በጽሑፍ ትእዛዝ፣ በተወሰነ ቦታና ቀን፣ ፈራሚው ታውቆ ነው። መርማሪ ቦርዱ በጀትና መርማሪ ይኖረዋል፤ አዋጁ ካበቃ በኋላም እስረኞቹ እስኪያልቁ ድረስ ሥራው አያበቃም። አከራዩዋ እናትም መቼ ማስታወቅ እንዳለባት፣ ካላስታወቀችስ ምን እንደሚደርስባት ከአዋጁ በፊት ታውቃለች።

አስቸጋሪው አንቀጽ 93ን ራሱን መንካት ነው። ብዙ ሰው መብት የሚመለከት ማሻሻያ የሁሉንም ክልሎች ስምምነት ስለሚጠይቅ የማይቻል ይመስለዋል። ጠጋ ብሎ ያየ ግን መንገዱ ያን ያህል ጠባብ እንዳልሆነ ያገኛል። አንቀጽ 105 የሁሉንም ክልሎች ድምፅ የሚጠይቀው ለምዕራፍ ሦስትና ለማሻሻያ አንቀጾቹ ነው። የማይነኩት ዝርዝር ያለው በአንቀጽ 93 ነው፤ ያ ደግሞ ከምዕራፍ ሦስት ውጭ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና ከክልል ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛው ይሁንታ አንቀጽ 15ን ከማይነኩት ተርታ መጨመር ይቻላል። ማንም ብሔር፣ ማንም ፓርቲ በዚህ የሚጎዳ አይመስለኝም። በሕይወት የመኖር መብት ይከበር ለማለት የሚያፍር የክልል ምክር ቤት ካለ፣ ስሙን በቴሌቪዥን ብንሰማ ጥሩ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። ፈረንሳይ በኅዳር 2008 ከደረሰባት የሽብር ጥቃት በኋላ ያወጀችውን የአስቸኳይ ጊዜ ስድስት ጊዜ አራዝማ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስታነሣ፣ ከሥልጣኖቹ በርካቶቹን ወደ መደበኛው ሕግ አስገብታለች። ማዕቀፍ ሕግ ይውጣ ስንል አስቸኳዩ ነገር ዘወትር እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የፈረንሳይ ዜጋ ግን ፖሊስ ቤቱን ያለ አግባብ ከፈተሸው የሚከስበት የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለው። የእኛው ሰው ወዴት ይሂድ?

የመጀመሪያው፣ የ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተነሣው ሐምሌ 28 ቀን 2009 ነው። የመጨረሻው የታወጀውም ሐምሌ 28 ነው፤ በ2015። በሁለቱ ሐምሌ 28ቶች መካከል ስድስት ሙሉ ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት አገሪቱ ሌሎች አራት አዋጆችን አወጀች፣ አንድ ምርጫ አራዘመች፣ አንድ ታላቅ ጦርነት ተዋጋች፣ የክልል ልዩ ኃይሎችን አፈረሰች። የአስቸኳይ ጊዜ ማዕቀፍ ሕግ ግን አላወጣችም።